ጉዳዩ፦ አሥራ አንዱን ታቦታት ስለመመለስ

ለብሪቲሽ ሙዚየም ባለአደራዎች ቦርድ
ለንደን

የተከበራችሁ ባለአደራዎች፣

እንጀራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። አዲስ አበባ፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ተጨናንቀው የሚኖሩባት ክፍል አለችኝ። በሯ ላይ «ማመልከቻ፣ ውል፣ ሲቪ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» የሚል ተለጥፏል። መታወቂያ የጠፋበት፣ ደመወዝ የተያዘበት፣ ከጎረቤቱ በአጥር የተጣላ፣ ሁሉም እኔ ጋ ይመጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ የጻፍኩት ለሌላ ሰው ነው። በራሴ ስም ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

በአማርኛ መጻፌ ቅር አይበላችሁ። የሚያነብላችሁ ሰው አታጡም። ከመቅደላ የተወሰዱ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት እዚያው ከተማችሁ፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ አሉ። ለግዕዙ ሰው ያገኘ ከተማ ለአማርኛው አያጣም። ዓመተ ምሕረቱን ግን በእናንተ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ። በሰባትና በስምንት ዓመት ልዩነት ስንጨቃጨቅ እንዳንውል ብዬ ነው።

ደንበኞቼን ሁሌ የምመክረው አንድ ነገር አለ። ጥያቄህን ከላይ አስቀምጥ፣ ዝርዝሩን ከታች። ኃላፊ ብዙ ጊዜ የላይኛውን ብቻ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ጥያቄዬ ይኸው። እናንተ ዘንድ አሥራ አንድ ታቦታት አሉ። አብዛኞቹ በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ ናቸው። ይመለሱ።

ከዚህ በታች ያለው ዝርዝር ነው።

ስለ ደብዳቤ ትንሽ አውቃለሁ። ሰውን የሚያቃጥለው «አይሆንም» መባሉ አይደለም። «አይሆንም» የተባለ ሰው ይግባኝ ይላል፤ ወይም ይተወዋል። ዝም የተባለ ሰው ነው ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣው። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። በቆንስል ካሜሮን በኩል ላኩት። ወዳጅነት ፈለጉ፣ መልእክተኞች ልላክ አሉ። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ። ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ገብቶ ቀረ። መልስ የጻፈ የለም። ንጉሡ ጠበቁ፣ ጠበቁና በመጨረሻ ቆንስሉን አሰሩት። ሌሎች አውሮፓውያንም ታሰሩ። ልክ ነበሩ ብዬ አልከራከርም። እንግዳ አይታሰርም። ግን ነገሩ ከየት እንደጀመረ ልብ በሉልኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣው መልስ 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ነበር። ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ከህንድ ይዘውት መጡ። በዚያ ዓመት የእናንተም የእኛም ፋሲካ በአንድ ቀን ነው የዋለው። ቴዎድሮስ በበዓሉ ዕለት ለእንግሊዝ ጦር ላምና በግ ላኩ። እዚህ አገር የላከው ከብት ከታረደለት እርቅ ተጀምሯል ማለት ነው። ጄኔራሉ ከብቶቹን አልቀበልም አሉ። በማግስቱ መቅደላ ተሰበረች። ንጉሡም ራሳቸውን ገደሉ። ሽጉጡ ቀደም ሲል ንግሥታችሁ በስጦታ የላኩላቸው ነበር። ይህን ታሪክ እዚህ አገር የአንደኛ ክፍል ደጃፍ ያልረገጠ ሰው እንኳ ይነግራችኋል። ስለ ውጊያው ልከራከራችሁ አይደለም የተነሳሁት። ጦር ጦር ነው። የኔ ጉዳይ ከሽጉጡ ድምፅ በኋላ ያለው ነው።

ከሽጉጡ በኋላ ወታደሮቹ ግምጃ ቤቱንና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ዘረፉ። ዘውድ፣ ጽዋ፣ መስቀል፣ ብራና፣ ታቦት ሳይለዩ ወሰዱ። የተዘረፈው በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ወረደ። እዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ጨረታ ተካሄደ። ገንዘቡን ወታደሮቹ ተካፈሉት። ከተጫራቾቹ መካከል ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል ሰው ነበር። ከጦሩ ጋር የተላከው ከሙዚየማችሁ ነው። በኪሱ 1,000 ፓውንድ ይዞ ነበር። ጦር ሲዘምት ገዢ አብሮ መላኩን እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። የሚዘረፍ ነገር እንዳለ ቀድሞ የታወቀ ይመስላል።

አውቃለሁ፣ እዚህ ጋ አንዱ እጁን ያነሳል። «ቴዎድሮስስ ከጎንደር አድባራት አይደለም እንዴ መጻሕፍቱን የሰበሰበው?» ይላል። አዎ፣ ነው። ጎንደርን በ1866 ዘርፈዋታል፤ መጻሕፍቱንም መቅደላ አከማችተዋል። የንጉሥ ጥፋት አይሸፈንም። ግን ነገሩ ለእናንተ ምን ይጠቅማችኋል? ባለቤቶቹ የጎንደር አድባራት ናቸው ማለት ነው። ሆልምስ ናቸው ማለት አይደለም።

እና አሁን ወደ ስማችሁ ልምጣ። በእንግሊዝኛ ቦርዳችሁ የሚጠራበት ቃል በአማርኛ «ባለአደራ» ነው። ይህን ቃል እዚህ ሰፈር ጠርታችሁት ብትሄዱ ሰው ቀና ብሎ ያያችኋል። ከባድ ቃል ነው። «አደራ ለሰማይ፣ አደራ ለምድር» ይባላል። ባለአደራ ማለት የሌላ ሰው ነገር እጁ ላይ ያለ ሰው ነው። ባለቤቱ እስኪመጣ ይጠብቃል። ባለቤቱ ሲመጣ ያስረክባል። ባለቤቱ መጥቶ ካላስረከበ ስሙ ይቀየራል፤ «አደራ በላ» ይባላል። ከሌባ የከፋ ስድብ ነው። ሌባ ቢያንስ አምነህ የሰጠኸው ሰው አይደለም።

ይህ የእኔ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1871 ጠቅላይ ሚኒስትራችሁ ግላድስተን ፓርላማ ቆመው ስለ መቅደላው ዘውድና ጽዋ ተናግረው ነበር። ዕቃዎቹ ወደ እንግሊዝ መምጣታቸው አዝኛለሁ አሉ። ጄኔራል ናፒየርም ራሳቸው እነዚህ ነገሮች ከአገሪቱ ሀብት ጋር መደባለቅ የለባቸውም፣ እስኪመለሱ ድረስ በአደራ ይቀመጡ የሚል አቋም እንዳላቸው ግላድስተን ለምክር ቤቱ ገለጹ። እስኪመለሱ ድረስ። ይህን ያሉት የዘረፈው ጦር አዛዥ ናቸው። እኔ ከቴዎድሮስ አደባባይ ሥር ተቀምጬ አልጨመርኩበትም።

በዓመቱ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ደብዳቤ ጻፉ። ክብረ ነገሥት የሚባል መጽሐፍ አለ፣ ያለ እርሱ ሕዝቤ አይታዘዘኝም ብለው ጠየቁ። አንድ ሥዕልም ጠየቁ፤ የእሾህ አክሊል የደፋውን የክርስቶስ ሥዕል፣ ኩርዓተ ርእሱን። መጽሐፉን ከእናንተ በፊት የነበሩት ባለአደራዎች መለሱ። ሥዕሉን ግን ያ ሆልምስ ለራሱ አስቀርቶት ነበርና አልተገኘም ተባለ። ከዚያ ተሸጠ፣ ዛሬ ፖርቱጋል በግለሰብ እጅ ነው። ሥዕሉን ተዉት ለጊዜው። መጽሐፉን ነው የያዝኩት። ሙዚየማችሁ ተጠይቆ መልሷል። ጣሪያው አልወደቀም።

በነገራችን ላይ በእኛ ቋንቋ ለጥያቄ መልስ መስጠትና ዕቃን ለባለቤቱ መስጠት አንድ ቃል ናቸው። ሁለቱም «መመለስ» ነው። ጥያቄውንም መልሱልኝ፣ ታቦቱንም መልሱልኝ ስል ቃሉን መቀየር አያስፈልገኝም።

ባለፈው ክረምት አንድ አባት ወደ ቤቴ ገቡ። ከከተማው ወጣ ካለ አጥቢያ የመጡ ቄሰ ገበዝ ናቸው። ጃንጥላቸውን በሩ ላይ አቆሙ፤ ውሃው ወደ ኤክስቴንሽኑ እንዳይሄድ እያየሁ ተቀመጡ አልኳቸው። የቤተ ክርስቲያናቸውን ማህተም በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘውታል። ጉዳያቸው የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ነው። ያፈሳል። ስንክሳሩ ላይ፣ ድርሳናቱ ላይ ይንጠባጠባል። ለአንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ አመልክተዋል። መልስ የለም። ሦስተኛውን ልጽፍላቸው ነው።

«ከዚህ ቀደም በጻፍነው ደብዳቤ መጠየቃችን ይታወሳል» ብዬ ጀመርኩ። እየጻፍኩ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ልማዴ ነው።

«ይታወሳል አትበል ልጄ» አሉኝ። «ቢታወስ ኖሮ እኔን እዚህ ምን አመጣኝ?»

አጠፋሁት። ሲያልቅ ፕሪንት ልሰጥ ስል ማሽኑ ወረቀት ነከሰ። እሱን ስፈታ፣ ስቦርሽ፣ እሳቸው በበሩ አንገታቸውን አውጥተው ወደ አደባባዩ ያያሉ።

«ያ ሴባስቶፖል ነው?»

«ምስሉ ነው አባ። ዋናው እዚያው መቅደላ ነው።»

«እንዴት ሳይወስዱት ቀሩ?»

«ይከብዳል። ሰባት ቶን ይሆናል ይባላል።»

«እንኳንም ከበዳቸው» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።

ስቄ ሳበቃ የእናንተን ነገር አነሳሁባቸው። ለንደን አሥራ አንድ ታቦት አለ አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «ማን ይቀድስባቸዋል?» አሉኝ። ማንም አልኳቸው። «ማንስ ይገባል?» የሰማሁትን ነገርኳቸው። ክፍሉ ተቆልፏል። ታቦታቱ በጨርቅ ተሸፍነዋል። የሙዚየሙ ሰዎች ራሳቸው አያዩዋቸውም። ለሕዝብ አይታዩም፣ ፎቶ አይነሱም፣ አይጠኑም። የእኛ ካህናት ብቻ ሲፈቀድላቸው ይገባሉ። ይህን ስላቸው ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። አክብረዋል ይላሉ ብዬ።

«እንደማይነካ ካወቁ» አሉኝ፣ «የማን እንደሆነም ያውቃሉ።»

ከዚያ ማህተሙን ከፌስታሉ አወጡ። ሁለት ጊዜ በትንፋሻቸው እፍ አሉበት። ማመልከቻው ላይ አሳረፉት። ሂሳቤን ከፍለው ዝናቡ ውስጥ ገቡ። እኔ ግን ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም ማለት ይቻላል። የኔ ንግግር ብዙ ነበር፤ የእሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ይህን ደብዳቤ ያስጀመረችኝ እሷ ናት።

እስቲ አብራችሁኝ አስቡ። የሙዚየማችሁ ትልቁ መከራከሪያ «ለዓለም ሁሉ እናሳያለን» የሚል ነው። መግቢያው ነፃ ነው፤ በዓመት ሚሊዮኖች ይመጣሉ። ጥሩ ክርክር ነው። እውነቴን ነው። አንድ የጃፓን ልጅ፣ አንድ የብራዚል ልጅ በአንድ ቀን የግብፅንም የግሪክንም ሥራ ማየት መቻላቸው ቀላል ነገር አይደለም። ስለ ሌሎቹ ዕቃዎች ስትከራከሩ ይህን ብታነሱ እሰማችኋለሁ። ለታቦቱ ግን አይሠራም። ከሚሊዮኖቹ አንድም ሰው አያየውም። ማየትም የለበትም። ታቦት ከመንበሩ ሲወጣ እንኳ ተሸፍኖ ነው። በከተራ ወደ ጃንሜዳ ሲወርድ ካህኑ በራሱ ላይ ይሸከመዋል፤ እኛ የምናየው መጎናጸፊያውን ነው። ቤተ ክርስቲያንን ቤተ ክርስቲያን የሚያሰኘው ግን እሱ ነው። ታቦት የሌለበት ሕንፃ፣ ጉልላቱ ወርቅ ቢሆን፣ አዳራሽ ነው። እናንተ ሳታሳዩ በመቆለፋችሁ አክብራችኋል፤ ለዚህ አመሰግናለሁ። ግን ከቆለፋችሁበት ቀን ጀምሮ ያ ክፍል ሙዚየም መሆኑ ቀርቷል። የሰው ዕቃ የተቀመጠበት መጋዘን ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው «ሕጉ አይፈቅድልንም» ነው። ውል ስለምጽፍ አንቀጽ ማንበብ እወዳለሁ። የ1963ቱ የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግ ከስብስባችሁ ዕቃ ማውጣትን ይከለክላል። እሺ። ግን አንቀጽ 5 ቀዳዳ አለው። አንድ ነገር በስብስቡ ለመቆየት የማይገባ ነው ብላችሁ ካመናችሁ፣ መውጣቱም የተማሪዎችን ጥቅም የማይጎዳ ከሆነ፣ ማውጣት ትችላላችሁ ይላል። አሁን ልጠይቅ። ማንም ተማሪ የማያየው፣ ማንም ተመራማሪ የማይነካው ነገር ቢወጣ የሚጎዳው የትኛው ተማሪ ነው? እኔ ዳኛ አይደለሁም። ግን ይህን አንቀጽ ይዞ የመጣ ደንበኛ ቢኖረኝ በደስታ ነበር የምጽፍለት።

አንቀጹ አይበቃም ካላችሁ ደግሞ ፓርላማችሁ በር መክፈት ያውቃል። በ2004 በወጣ ሕግ ሙዚየሞች የሰው አጽም እንዲመልሱ ፈቀደ። በ2009 በናዚ ዘመን የተዘረፈ ቅርስ እንዲመለስ ፈቀደ። ሁለቱም ጊዜ «ይህ የተለየ ጉዳይ ነው» ተብሎ ነው። ይህም የተለየ ጉዳይ ነው በሉና ጠይቁልን። እስከ ዛሬ ቦርዳችሁ ሕጉ ይሻሻልልኝ ብሎ ሲጠይቅ አልሰማሁም። እጄ ታስሯል የሚል ሰው ገመዱን እንዲፈቱለት አይጠይቅም እንዴ?

ስለ ውሰት አንድ ነገር ልበል፤ ይህ የኔ ሙያ ነውና ትንሽ ታገሡኝ። ቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየም በ2018 የመቅደላን ዕቃዎች ለረጅም ጊዜ ላውሳችሁ ብሎ ነበር። እናንተም ታቦታቱን እዚያው አገራችሁ ላለ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በውሰት የመስጠት ሐሳብ እንዳላችሁ ተናግራችኋል። በቀና ልብ ይሆናል። ግን የውሰት ውል እንዴት እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ? «አዋሽ» የሚል መስመር አለ፣ «ተዋሽ» የሚል መስመር አለ። ተዋሽ ብሎ የፈረመ ሰው ከዚያች ቀን ጀምሮ የእኔ ነው ማለት አይችልም። አፉ በራሱ ፊርማ ተዘጋ። ስለዚህ ዕቃው የራሱ የሆነ ሰው ሊዋስ እኔ ጋ ቢመጣ አልጽፍለትም፣ ሂድ ብዬ እመልሰዋለሁ። ማዋሱን እኛም እናውቃለን። ድንቅነሽ በ2007 አሜሪካ ሄዳ፣ በ2013 አምስት ኪሎ ተመልሳ ገብታለች። አዋሽ እኛ ነበርን። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

አሁን የምትፈሩት ጥያቄ። ወይም የምትወዱት። «ብንመልስ ትጠብቁታላችሁ?»

ጣሪያችን ያፈሳል። አልደብቃችሁም፤ ራሴ ነኝ ማመልከቻውን የጻፍኩት። ከገዛ ቤተ ክርስቲያናችን ብራና እየሰረቀ ለቱሪስት የሚሸጥም አለ። በዚህ ጉዳይ ሰው ሲወቅሰን አብሬ ነው የምወቅሰው። ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ጎረቤቴ ቤትህ ያፈሳል ብሎ ወንበሬን አይወስድም። ወሰደ እንበል፤ ጣሪያዬን ስሠራ ይመልሳል። ከ1931 እስከ 1933 የፈረንሳዩ የግሪዮል አጥኚ ቡድን አፍሪካን ሲያቋርጥ ጎንደር የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከግድግዳ ላይ አንስቶ ሄደ፤ በምትኩ ቅጂ ለጠፈ። እንዳይጠፋ ነው ተባለ። አሁን ፓሪስ ነው። የማዳን ጉዞ መሄጃ እንጂ መመለሻ የለውም መሰለኝ።

ሁለተኛ፣ ይህን ስል ደስ እያለኝ አይደለም፣ በ2023 ከእናንተው ዕቃ ቤት 2,000 ያህል ዕቃ ተሰርቆ፣ ጠፍቶ ወይም ተጎድቶ ተገኘ። ዳይሬክተራችሁም በዚሁ ሥልጣን ለቀቁ። ሌባ የትም አለ። እናንተም ዘንድ አለ፣ እኛም ዘንድ አለ። ልዩነቱ እኛ ዘንድ ታቦት በጠፋ ሌሊት መንደሩ በእሪታ መውጣቱ ነው።

ከሱቄ ወጥቼ ወደ ታች ስወርድ ሁሌ የሚያስቀኝ ነገር አለ። መንገዱ ቸርችል ጎዳና ነው። በእናንተ ሰው ስም። ከላይ በኩል ቴዎድሮስ አደባባይ ነው፤ በእናንተ ጦር ፊት በሞተው ንጉሥ ስም። አንዱ በሌላው ላይ ተቀምጧል። ቂም ቢኖረን ስሙን እንቀይረው ነበር። በ1941 ጣሊያንን ስናስወጣ ወታደሮቻችሁ ከአርበኞቻችን ጋር ነበሩ፤ አንረሳም። የእናንተው ዜጋ ሪቻርድ ፓንክረስት ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ መቅደላ ዕቃ ሲከራከሩ ኖረው እዚሁ ሥላሴ ካቴድራል ተቀብረዋል። እናታቸው ሲልቪያም እዚያው ናቸው። እንግሊዝ ጠልቼ አይደለም የምጽፈው።

መንገዱን ጨርሳችሁ ለገሀር ስትደርሱ ሞዓ አንበሳው አለ። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለውን የድንጋይ አንበሳ አይደለም የምላችሁ፤ ቱሪስት ሁሌ ይሳሳትባቸዋል። ባቡር ጣቢያው ፊት ያለው፣ ዘውድ የደፋው። በ1930 ተተከለ። ጣሊያን ሲመጣ ነቅሎ ሮም ወሰደው። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ተመለሰ። የአክሱም ሐውልትም ሮም ነበር። 160 ቶን ነው፤ 24 ሜትር። በ1947 ስምምነት በ18 ወር ውስጥ ይመለሳል ተባለ። 58 ዓመት ፈጀባቸው። ግን በ2005 በሦስት ተቆርጦ በአውሮፕላን መጣ፤ በ2008 ቆመ። እዚሁ አገራችን የተሠራችው የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ፀሐይም በ2024 ተመለሰች። ያ ሁሉ የመለሰው ማነው? ጣሊያን! በመርዝ ጋዝ የፈጀን ጣሊያን። በዚህ እንኳ ከጣሊያን ኋላ ስትቀሩ ለእናንተ እኔ አፍራለሁ።

የሚከብደውን መልሰው የሚቀለውን የምትከለክሉን እናንተ ናችሁ። ታቦት 160 ቶን አይደለም።

ከእናንተው አገርም የተመለሰ አለ። ኤዲንብራ ውስጥ አንድ ቄስ በቤተ ክርስቲያናቸው ቁም ሳጥን ውስጥ የእኛን ታቦት አገኙ። ቦርድ አልሰበሰቡም፣ አንቀጽ አልጠቀሱም። የማን እንደሆነ አወቁ፣ በ2002 ላኩት። ያኔ ወጣት ነበርኩ። መንገድ ዳር ከሕዝቡ ጋር ቆሜያለሁ። ሰው ከሰው ላይ ነበር። አጠገቤ ያሉ እናት ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። አስፋልቱ ላይ በባዶ እግራቸው ቆመዋል። ታቦቱ ሲያልፍ እልል አላሉም፤ ድምፃቸው እምቢ አላቸው። አፋቸውን ከፍተው እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። ጫማው አብሮ ተነሳ። በ2019 ደግሞ የጦር ሙዚየማችሁ የቴዎድሮስን ጸጉር መለሰ። ዌስትሚንስተር አቤይ በ2024 እሱ ዘንድ ያለውን ታቦት ለመመለስ በመርህ ደረጃ ተስማማ። የልዑል ዓለማየሁ አጽም ግን ዊንዘር ነው፤ በ2023 ተጠይቆ አይሆንም ተብሏል። እሱ በር የእናንተ አይደለምና እዚህ አላንኳኳም።

ስለዚህ ሌላ ዕቃ ሁሉ ይቆይልኝ። ዘውዱ፣ ብራናው፣ ጽዋው፣ እያንዳንዱ የራሱ ክርክር አለው። በእነሱ ዓመት ብንከራከርም ይሁን። ታቦታቱ ግን ክርክር የላቸውም። እናንተ አትፈልጓቸውም፤ ቢያንስ ለምን እንደምትፈልጓቸው ተናግራችሁ አታውቁም። ቄሰ ገበዙ እንዳሉት የማን እንደሆኑም ታውቃላችሁ።

ስለ አመላለሱ እንዳትጨነቁ። ሳጥን አታሠሩ። ስፖንጅ አትግዙ። «ተሰባሪ ዕቃ» የሚል ተለጣፊ አያስፈልግም። ዕቃ አይደለም። ካህናት ይመጣሉ። በራሳቸው ላይ ይሸከሙታል፤ ጥላ የሚይዝላቸው፣ ቃጭል የሚያቃጭልላቸው ሰው ይዘው ይመጣሉ። ከእናንተ የሚጠበቀው ቁልፍ ያለው ሰው በዚያ ቀን ፈቃድ እንዳይወጣ ማድረግ ነው። በሩን ይክፈትና ዞር ይበል።

ቀኑን ስትቆርጡ ቀደም ብላችሁ አሳውቁን። እዚህ መንገድ መዝጋት ጊዜ ይወስዳል።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
ማመልከቻ ጸሐፊው
ቸርችል ጎዳና፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ጣሪያ ለሚያፈስባቸው ቄሰ ገበዝ
ማመልከቻቸውን ሦስት ጊዜ ለተቀበለው መሥሪያ ቤት